ያረምኩት ወረቀት

ጥቅምት 12

ለወንድሜ ለፌንጣ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። በቀን አርባ ገጽ የሰው ጽሑፍ የምታርም ሴት ለገዛ ወንድሟ አንድ ገጽ መጻፍ አቃታት፤ ሳቅብኝ፣ መብትህ ነው። ጀርባህ እንዴት ነው? ሹራቡስ ደረሰህ? የእስር ቤቱ በር ላይ ያለው ጠባቂ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ገልብጦ ስላየው እንዳይቀደድ ሰግቼ ነበር።

እማዬ ለምን አትመጣም ላልከው፣ ጉልበቷ ነው። እዚያ ድረስ መሄድ ከብዷታል። ሳሚልኝ ብላለች።

ሴትዮዋስ ላልከው፣ በሕይወት አሉ። ሆስፒታል ናቸው። ለጊዜው ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ሰፈሩ ምን ይላል ላልከው ግን ልንገርህ። አሥራ አንዳችሁ ያን እሁድ ከሰዓት ወርዳችሁ የእነዚያን ሰዎች የቆርቆሮ የጸሎት አዳራሽ ካቃጠላችሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ያጽናናኛል። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ትናንት እጄን ይዛ፣ «አይዞሽ፣ እንዲህ የሚያደርጉ ክርስቲያኖች አይደሉም፤ የእኛ እምነት እንዲህ አያዝም» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩላት። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁና መንገድ ላይ ቆምኩ። ክርስቲያን ካልሆነ ታዲያ በየሳምንቱ ከእኛ ጋር ቆሞ ሲያስቀድስ የነበረው ወንድሜ ማን ነበር? ተመልሼ ልጠይቃት አልቻልኩም። አፈርኩ። ሰው ሲያጽናናህ የምታፍረው እፍረት ሲሰድብህ ከምታፍረው ይብሳል።

ራስህን ጠብቅ። ካልሲ በሚቀጥለው እልካለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 29

ለእትዬ፣

ሹራቡ ደርሶኛል፣ ልክ ነው። ጀርባዬም ደህና ነው፤ ብየዳ ላይ ጎንብሼ ከምውልበት ጊዜ ይሻላል። የምተኛው ከአንድ ሹፌር ጎን ነው። ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው ገጭቶ የገባ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ ሌሊት ያንኮራፋል፣ ቀን ይቀልዳል። ስለገባሁበት ጉዳይ ስነግረው፣ «እግዜር እሳት ቸግሮት ነው ካንተ ጀሪካን የተዋሰው?» ብሎኝ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።

ለምን ሄድክ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። እትዬ፣ ባዶ ነው አሉን። ጸሎታቸውን ጨርሰው ስለሚበተኑ እሁድ ከሰዓት ማንም የለም አሉን። ከኋላ በኩል ክፍል እንዳለ፣ ሴትዮዋ እዚያ እንደምትኖር ማንም አልነገረኝም። ጀሪካኑን ነው የያዝኩት፤ ክብሪቱን የጫረው ሌላ ነው። ይህን ለፖሊስ ስናገር ትልቅ ልዩነት ይመስለኝ ነበር።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። ጩኸቱን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ሮጥኩ። ወደ በሩ አይደለም፤ ወደ ቤት። እጄን ታጠብኩ። አንቺ፣ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አልሽኝ። «ጋራዥ ነበርኩ» አልኩሽ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እራቴን በላሁ። እስክጠግብ ነው የበላሁት። አሁን እዚህ ምግብ ሲመጣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ ነው።

ሰባኪው መምህራችን አንድ ቀንም መጥተው አልጠየቁኝም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። ያ የበተኑልን ወረቀት ግን አሁንም በቃሌ ነው። መሃሉ ላይ በደማቁ፣ «እሳት ከሰማይ ይውረድባቸው።» ከሥሩ ምዕራፉና ቁጥሩ። ስሄድ ኪሴ ውስጥ ነበር። የታተመ ነገር ነው፤ አንቺ ራስሽ ልጅ ሆኜ «የታተመ ነገር ሦስት ሰው ሳያየው አይወጣም» ትይኝ አልነበር? እና እባክሽ አንድ ነገር መልሺልኝ። እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? ከተጻፈ ያደረግነው ትክክል ነው ማለት ነው፣ እኔም እንደ ሌሎቹ አንገቴን ቀና አድርጌ መታሰር እችላለሁ። ካልተጻፈ ግን ምን እንደሆንኩ አላውቅም።

መጽሐፉን ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 18

ለፌንጣዬ፣

መጽሐፉን ከካልሲው ጋር ልኬልሃለሁ። የአባባ ነው፤ ጀርባው ስለተገነጠለ ቀስ ብለህ ግለጠው። ተጽፏል አልተጻፈም ላልከው፣ እኔ የቋንቋ ሰው ነኝ እንጂ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም። ራስህ ብታነበው ይሻላል።

ሁለት ነገር ግን ላርምህ። አንደኛ፣ «ሴትዮዋ» እያልክ አትጻፍልኝ። ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ስታድግ የትምህርት ቤት ሱሪህን እግር እየፈቱ ያስረዘሙልህ፣ ገበያው ጥግ ይሰፉ የነበሩት። ከእነዚያ ሰዎች ጋር መጸለይ ከጀመሩ በኋላ እዚያው አዳራሹ ጀርባ ክፍል ሰጥተዋቸው የስፌት መኪናቸውን ወደዚያ አዛወሩ። እኛም ልብሳችንን ሌላ ጋ ማሰፋት ጀመርን። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ማንም አልጠየቀም። የተቃጠለው ሁለት እጃቸውና አንገታቸው ነው። የልብስ ሰፊ እጅ።

ሁለተኛው ውሸቴ ነው። እማዬ ጉልበቷን አላመማትም።

ነገሩ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ሳትነግረኝ ሆስፒታል ሄደች። ስትገባ፣ «ማን ልበል?» አሏት ልብስ ሰፊዋ። «ከታሰሩት የአንዱ እናት ነኝ» አለቻቸው። «ይውጡልኝ» አሏት። ወጣች። ግን ወደ ቤት አልመጣችም፤ ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም ሄዳ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ ሆነች። ጠራጊዎቹ ቀና በይ፣ እግርሽን አንሺ እያሉ በሥሯ ይወለውሉ ነበር አሉ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነርሷ ወጥታ፣ «ፀጉራቸው ተቋጥሯል፣ እኛ ጊዜ የለንም፣ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። ይግቡ ብለዋል» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትሄዳለች። «ምን ትባባላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ምንም። ፀጉር ነው የማበጥረው» አለች።

አንተን ለምን እንደማታይህ ስጠይቃት፣ «እሷ ጋ ውዬ ልጄን ለማየት እግሬ አይሄድልኝም። እሱን አይቼ ደግሞ እሷ ጋ መግባት አልችልም። አንዱን መምረጥ ነበረብኝ» አለችኝ። ይህን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። አትቀየማት።

መምህሩ ደህና ናቸው። ባለፈው እሁድም ሰብከዋል፤ ነጎድጓዱ ብለን የምንጠራው ድምፃቸው እንዳለ ነው። ፖሊስ ጠርቶ ጠይቋቸው ነበር። «እኔ ቃሉን ጠቀስኩ እንጂ ለማንም ክብሪት አልሰጠሁም» ብለው ወጡ አሉ።

እህትህ


ታኅሣሥ 6

ለእትዬ፣

እማዬን አልተቀየምኩም። ደብዳቤውን ለሹፌሩ አነበብኩለት፤ መቀለድ አቅቶት ጫማውን ማሰር ጀመረ፣ የታሰረውን ጫማ።

እሱ ማንበብ አይችልም። መጽሐፉን ሲያይ «ከመጀመሪያው ጀምርና ሳትዘል አንብብልኝ፣ ጊዜ አለን» አለኝ። እኔ ከአዲስ ኪዳን ጀመርኩለት። እትዬ፣ ስንት ዓመት በቃሌ ስጠቅሰው የኖርኩትን መጽሐፍ በተከታታይ አንብቤው አላውቅም። ጥቅስ ጥቅሱን ነው የማውቀው። መምህሩ በሚያስነሡበት ተነሥቼ በሚያስቀምጡበት እቀመጥ ነበር።

ትናንት ቦታው ላይ ደረስኩ። ጌታ በመንገድ ላይ ነው፤ አንዲት መንደር አላሳድርም አለችው። ሃይማኖታቸው ከእነሱ ይለያል፣ አይዋደዱም። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ተናደዱና ጠየቁት፣ እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው እንድንል ትፈልጋለህ? ብለው። ጥያቄ ነው! ትእዛዝ አይደለም። የጠየቁትም የተናደዱት ሰዎች ናቸው። እሱ ዞር ብሎ ገሠጻቸው። እነዚያን አይደለም የገሠጸው፣ የራሱን ሰዎች። ምን ዓይነት መንፈስ እንደያዛችሁ አታውቁም አላቸው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሹፌሩ፣ «ታዲያ እናንተ የቱ ጋ ነው ያቆማችሁት?» አለኝ። ጣቴን ቦታው ላይ አድርጌ አሳየሁት። ፊደል የማያውቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ጣቴን አየ። «አንድ መስመር ነው እኮ የቀራችሁ» አለ።

ከትናንት ጀምሮ ሰው ማየት አልቻልኩም። ሌሎቹ አሥሩ በሌላ ክፍል ናቸው፤ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ አንዱን ይዤ ቦታውን አሳየሁት። «አንተ ፈርተህ ነው፣ መምህሩ ከአንተ የተሻለ ያውቃሉ» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። አዎ ያውቃል። ያውቅ ነበር! እኔን የገደለኝ እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ እየፈራሁ። ወረቀቱ ከሥሩ በትንሹ የእናንተ ማተሚያ ቤት ስም ነበረበት። ያኔ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። አንቺ ይህን መጽሐፍ ከልጅነትሽ ጀምሮ ለአባባ ስታነቢለት ያደግሽ ነሽ። ወረቀቱን አይተሽው ነበር? አላየሁትም በይኝ።

ወንድምሽ


ጥር 2

ለወንድሜ፣

አይቼዋለሁ።

ከማየትም በላይ ነው። ይህን ወር ሙሉ የዘገየሁት ሌላ ቃል ፍለጋ ነው፤ የለም። ያን ወረቀት ያረምኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። መምህሩ ረቂቁን በእጃቸው ጽፈው፣ ሐሙስ ዕለት ራሳቸው ይዘውት መጡ። አለቃዬ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ማንበብ ጀመርኩ። ጥቅሱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከመጽሐፉ ሲገለብጡ ሳያስተውሉ ይሁን እንጃ፣ ጥያቄ ምልክቱን እንዳለ ጽፈውት ነበር። «መምህር፣ ይሄ እኮ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ደግሞ ቀርቷል» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፤ ይህን ያህል ጀግንነት ነበረኝ።

ፈገግ አሉ። «አንቺ የቃል ሰው ነሽ፤ እንዳንቺ ያለ ሁለት ሰው ቢኖረን» አሉኝ። አለቃዬ ፊት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥያቄውን አንሺው። ዘመኑ የጥያቄ አይደለም። ቀሪውን የሚያውቅ ያውቀዋል» አሉ።

ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ «እንድንል ትፈልጋለህ» የሚለውን ሰረዝኩ። ጥያቄ ምልክቱን ሰረዝኩ። አራት ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ «ወርዶ ያጥፋቸው» የሚለው ብቻውን ሲቀር ደረቅ አለብኝና «ይውረድባቸው» ብዬ አስተካከልኩላቸው። አየህ? እንዲያምር አድርጌ። ያን በቃልህ የያዝከውን አረፍተ ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ።

ፈርቼ ነው እንዳልልህ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። አላስፈራሩኝም። ሙገሳው ጣፍጦኝ ነበር። ደግሞ እውነቱን ካወራን፣ እነዚያን ሰዎች እኔም አልወዳቸውም ነበር። መዝሙራቸው መስኮቴ ድረስ ይሰማል፤ ያናድደኝ ነበር። ማንም ያቃጥላቸዋል ብዬ አላሰብኩም፤ ትንሽ ቢሸማቀቁ ግን አልጠላሁም።

በዚያ እሁድ ማታ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ስልህ፣ ከጎረቤት ወሬውን ሰምቼ ነበር። ጋራዥ ነበርኩ ስትለኝ አምኜህ አይደለም ዝም ያልኩት። መጽሐፉንም የላክሁልህ ራስህ እንድታገኘውና እኔ ከመናገር እንድድን ነው።

ክርስቲያኖች አይደሉም ስላለችኝ የዳቦ ቤት ባለቤት ነግሬህ ነበር። አሁን የማስበውን ልንገርህ። መጽሐፉ የመምህሩ አይደለም፤ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ያነበበ ሁሉ ያየዋል። ያለ መቀስ ሊጠቅሰው አልቻለም። ግን «ከእኛ አይደሉም» ብዬ ልገላገል አልችልም። ከእኛ ናቸው። በእኛ መቅደስ ቆመው፣ በእኛ ማተሚያ ቤት ታትመው፣ በእኔ እጅ ታርመው ነው የወጡት። መጽሐፉ ንጹሕ ነው ስል አፌን ሞልቼ ነው፤ እኛ ንጹሕ ነን ለማለት ግን አፍ የለኝም።

ይቅር በለኝ አልልህም። አሁን ስለማፍር።

እህትህ


ጥር 11

ለእትዬ፣

እሁድ አትምጪ። የሚቀጥለውም እሁድ አትምጪ።

ደብዳቤሽን ለሹፌሩ አላነበብኩለትም። ምን አለች ሲለኝ ደህና ናት አልኩት።

ብዙ ጽፌ ቀደድኩ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው። አንቺ ነሽ ያስገባሽኝ ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ጀሪካኑ ትዝ አለኝ። ሃያ ሊትር ነው፤ ከባድ ነው፤ ከማደያው እስከ አዳራሹ እጅ እየቀያየርኩ ነው የወሰድኩት። እግረ መንገዴን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አርፌያለሁ። ሦስቴም ራሴ አነሣሁት። ያን አንቺ አላረምሽውም።

ግን ተናድጃለሁ። ለእኔ መናገር ቀላል ነው እትዬ። እኔ እስረኛ ነኝ፣ ወንድምሽ ነኝ፣ የትም አልሄድም። መስማት ያለበት ሌላ ሰው አለ።

ወንድምሽ


መጋቢት 9

ለወንድሜ፣

አትምጪ ስላልከኝ አልመጣሁም፤ አትጻፊ ግን አላልከኝም።

ማተሚያ ቤቱ ረቂቆችን ከእርማታቸው ጋር አንድ ዓመት ያስቀምጣል። ፖስታውን መዝገብ ቤት ገብቼ አወጣሁት። የመምህሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ላዩ ላይ የእኔ ቀይ ቀለም። ለአለቃዬ አሳየሁትና ለመርማሪው ልወስደው ነው አልኩት። «እኛን ለምን ትከቺናለሽ?» አለኝ። «ገብተናል እኮ» አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ አልሠራም።

መርማሪው ወረቀቱን ግራና ቀኝ አየው። «ይሄ ቀይ የማን ነው?» አለ። «የእኔ» አልኩ። «ለምን አሁን?» አለ። «ስላፈርኩ» አልኩት። ያንኑ ጻፈው። መምህሩን እንደገና ጠርተዋቸዋል፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። የእኔም ጉዳይ ይታያል ተብሏል።

በራችን ላይ «ከዳተኛ» ብለው ጽፈውብናል። የዳቦ ቤቷ ባለቤት አሁን ሰላም አትለኝም። ክርስቲያኖች አይደሉም እያለች ስታጽናናኝ የነበረችው፣ የመምህሩን ስም ስጠራ ጊዜ ከእነሱ ጋር ሆነች። አልፈረድኩባትም፤ አውቀዋለሁ ያን ቦታ።

ለእማዬ ነገርኳት። ማበጠሪያውን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ቁጭ አለች። አልጮኸችም። «ነገ አብረሽኝ ትመጫለሽ» አለችኝ።

ሄድኩ። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ያያል። ልብስ ሰፊዋ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ እጆቻቸው ትራስ ላይ ናቸው፣ በፋሻ እንደተጠቀለሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። ሐሙሱን፣ ሙገሳውን፣ እስክሪብቶውን። እማዬ ከኋላቸው ሆና ማበጠሯን አላቆመችም። ስጨርስ፣ «መጽሐፍ ይዘሻል?» አሉኝ። አልያዝኩም፤ የእሳቸው መጽሐፍ ራስጌያቸው ላይ ነበር። «የቆረጥሽውን ቦታ አንብቢልኝ፤ እኔ መግለጥ አልችልም» አሉ።

አነበብኩ። ጥያቄውን በጥያቄ አነበብኩት። ተግሣጹንም ሳልዘል አነበብኩ። ጨርሼ መጽሐፉን ልከድነው ስል፣ «አልጨረስሽም» አሉኝ።

«ጨረስኩ እኮ» አልኩ።

«አልጨረስሽም። ሁሉም እዚያ ነው የሚያቆመው፤ ሰባኪውም የእኛም ሰዎች። ቀጥሎ ያለውን እይው።»

አየሁት። ወደ ሌላ መንደር ሄዱ ይላል። አጭር ናት። በሕይወቴ ስንት ጊዜ አንብቤ አስተውያት አላውቅም።

«አየሽ?» አሉኝ። «እምቢ አሉት፤ ወደ ሌላ መንደር ሄደ። በቃ። ይህ ነው የተደረገው። እኔ ቤት ፊት ለፊት ሰፊ መንገድ አለ፤ የእናንተ ልጆች በዚያ ማለፍ ይችሉ ነበር።» አልተቆጡም። የጨርቅ ልክ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት። እማዬ ማበጠሪያውን ይዛ ቆመች፤ ፊቷን አላየሁትም።

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ ያን ሰዓት ብጠይቅ መስጠት የሚጠበቅባቸው እሳቸው መሆናቸው አሳፈረኝ። ስወጣ፣ ወንድሜ ቢጽፍልዎ ይቀበሉታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አስቀድሜ ሳልጠይቅህ ነው፤ ይህንንም ጨምረህ ተቆጣኝ።

በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቻቸውን አዩና፣ «አሁን አይጻፍልኝ» አሉ። «ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ወረቀት መያዝ የቻልኩ ቀን ለእናትሽ እነግራታለሁ።»

እህትህ